የቤት ባትሪና ኢንቨርተር ሲገጠም፦ ከወረቀቱ እስከ መጨረሻው ብሎን

አንድ ፀጉር ቤት ያለው ልጅ ደውሎ «ኢንቨርተሩ ተበላሽቷል፣ መጥተህ እየው» አለኝ። ሄድኩ። ባለ 1,500 ዋት ኢንቨርተር፣ ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር-ሰዓት ባትሪ፣ ሁለቱም ከካርቶን ከወጡ ወር ያልሞላቸው። መቁረጫ ማሽኑ ያለ ችግር ይሠራል። ፀጉር ማድረቂያው ሲከፈት ግን ብዙም ሳይቆይ ኢንቨርተሩ «ባትሪ አልቋል» እያለ ይጮህና ይጠፋል። ባትሪው ደግሞ ሙሉ ነው። ሌላ ሰው መክሮት ሁለተኛ ባትሪ ገዝቶ ጨምሯል፤ ምንም ለውጥ የለም።

ማድረቂያውን አስከፍቼ በተስተር ሁለት ቦታ ለካሁ። ባትሪው ተርሚናል ላይ 12 ቮልት፣ ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ 10.3። 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። መንገዱ ምን ነበር? ለቤት ሶኬት መስመር የሚሆን ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ 3 ሜትር ሄዶ 3 ሜትር የሚመለስ። ጣት አያስቆይም፣ ያቃጥላል። ኢንቨርተሩ 10.5 ቮልት ሲያይ እንዲያጠፋ ነው የተሠራው፤ እሱ ሥራውን እየሠራ ነበር። ባትሪውን ወደ ኢንቨርተሩ አስጠጋሁት፣ በባለ 35 ሽቦ በአንድ ሜትር አገናኘሁት፣ ማድረቂያው ሠራ። ሁለተኛው ባትሪ በከንቱ የተገዛ ነበር።

የምጠራባቸው ብልሽቶች በአመዛኙ የዚህ ዘመዶች ናቸው። ዕቃው ደህና ነው፤ ጥፋቱ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ባልተሠራ ስሌት፣ ወይም በአንድ ማያያዣ፣ ወይም ማንም ባልነካው ሴቲንግ ውስጥ ተደብቋል። ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ይሂዱበት። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ኢንቨርተር ብቻ ለሚፈልግም ሆነ ሶላር ለሚጨምር ሰው ይሠራል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ወረቀት፣ ከዚያ ገበያ

«ስንት ዋት ኢንቨርተር ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል። አንደኛው በአንድ ጊዜ የሚበሩት ዕቃዎች ድምር ነው፣ በዋት፤ ኢንቨርተሩን የሚመርጠው እሱ ነው። ሁለተኛው መብራት ጠፍቶ በሚቆይበት ጊዜ ሁሉ የሚበሉት ድምር ነው፣ በዋት-ሰዓት፤ ባትሪውን የሚመርጠው ይሄኛው ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ትልቅ ኢንቨርተር ከትንሽ ባትሪ ጋር ይገዛና «አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም» ይላል።

አንድ የተለመደ የኮንዶሚኒየም ቤት እንውሰድ፣ መብራት ለ8 ሰዓት ይጠፋል ብለን። ስድስት ባለ 9 ዋት አምፖል ለ4 ሰዓት፣ 216 ዋት-ሰዓት። 80 ዋት የሚበላ ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት፣ 240። የዋይፋይ ዕቃው 10 ዋት ለ8 ሰዓት፣ 80። ላፕቶፕ 60 ዋት ለ3 ሰዓት፣ 180። አራት ስልክ፣ 60 ገደማ። ፍሪጁ ላይ በቀን 1.2 ኪሎዋት-ሰዓት የሚል ከተጻፈበት በ8 ሰዓት 400። ድምሩ 1,176 ዋት-ሰዓት።

እዚህ ላይ ቆመው የሚገዙ ብዙዎች ናቸው። ኢንቨርተሩ ራሱ ግን ይበላል። ከባትሪው ከሚወስደው ውስጥ ወደ 88 ከመቶ ያህሉን ነው የሚያወጣው፤ ስለዚህ 1,176 ለመስጠት 1,336 ይወስዳል። በዚያ ላይ ምንም ሳይሰካበት ብቻውን በርቶ 20 ዋት ያህል የሚበላ ከሆነ በ8 ሰዓት ሌላ 160። በድምሩ 1,500 ዋት-ሰዓት እንበል። (ያ 20 ዋት ንቀት አያስፈልገውም፤ ቀኑን ሙሉ ከበራ 480 ዋት-ሰዓት ነው፣ ማለትም ከቤቱ አምፖሎች ሁሉ ይበልጣል።)

አሁን ወደ ባትሪው። ሊድ አሲድ ከሆነ፣ ድራይ የሚባለውም ሆነ ውሃ የሚጨመርበት፣ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በላይ አይወርድም። 1,500ን በ0.5 ሲያካፍሉ 3,000 ዋት-ሰዓት ይመጣል። ሁለት ባለ 12 ቮልት 150 አምፔር-ሰዓት ባትሪዎች 3,600 ይሰጣሉ፤ ይበቃል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ እስከ 80 ከመቶ መጠቀም ይቻላል፤ 1,875 ይመጣል፣ ስለዚህ ባለ 25.6 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት የሆነ አንድ ባትሪ 2,560 ይዞ በምቾት ይሸፍናል።

በአንድ ጊዜ የሚበራው ደግሞ ፍሪጁ 120 ዋት ነው ብንል ሁሉም ተደምሮ 350 ዋት አካባቢ ነው። ነገር ግን የፍሪጅ ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት አምስትና ስድስት እጥፍ ይስባል። ስለዚህ 1,000 ዋት አፋፍ ላይ ነው፤ እኔ 1,500 እመርጣለሁ፣ ያውም ፑር ሳይን ዌቭ (እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣ) የሆነውን። «ሞዲፋይድ» የሚባለው በዋጋ ያማልላል፤ ፍሪጁ ግን እያጉረመረመ ይሞቅበታል።

ምጣድን፣ የውሃ ማሞቂያንና ካውያን ከዚህ ወረቀት ላይ ይሰርዟቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ነው። በ12 ቮልት ባትሪ ከ300 አምፔር በላይ ማለት ነው። እንጀራ መብራት ሲመጣ ይጋገራል፣ ወይም በእንጨት።

ደረጃ 2፦ ባትሪውን ሚዛን ላይ ያውጡት

የመኪና ባትሪ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እሱ የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል ሰጥቶ ሞተር እንዲያስነሳ ነው፤ በየቀኑ ግማሹን እያወጡ ቢሞሉት በወራት ውስጥ ይደክማል። የሚያስፈልገው «ዲፕ ሳይክል» የተባለው ነው።

የተጻፈበትን አቅም ለማመን ቀላሉ መንገድ ኪሎው ነው። በሊድ አሲድ ውስጥ አቅሙን የሚይዘው እርሳሱ ነው፣ እርሳስ ደግሞ ክብደቱን አይዋሽም። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ድራይ ባትሪ ከ28 እስከ 32 ኪሎ፣ ባለ 200 ከ55 እስከ 65 ኪሎ ይመዝናል። «200» ተጽፎበት 40 ኪሎ የሚመዝን ካጋጠመዎት ተለጣፊው ከባትሪው የበለጠ ደክሟል ማለት ነው። ሊቲየሙ ቀላል ነው፤ ባለ 12.8 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ከ10 እስከ 13 ኪሎ ይሆናል። ከዚያ በጣም ካነሰ ይጠርጥሩ። መርካቶ ውስጥ ሚዛን የማይገኝበት ሰፈር የለም፤ ሻጩ ቅር ቢለውም ያስመዝኑ።

የትኛው ይሻላል? የእኔ ፍርድ ይኸውና። መብራት በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ለሚጠፋበት ቤት ሊድ አሲድ ይበቃል። በየቀኑ ለሚጠፋበትና ተመልሶ ሦስት ሰዓት ብቻ ለሚቆይበት ሰፈር ግን ሊቲየም ይግዙ፣ ተበድረውም ቢሆን። ምክንያቱም ሊድ አሲድ የመጨረሻውን ሃያ ከመቶ የሚሞላው በጣም ቀስ ብሎ ነው፣ ሰዓታት ይፈልጋል። ሳይሞላ እንደገና ከወጣበት፣ እንደገና ሳይሞላ ከወጣበት፣ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገራል፤ ዳግመኛ አይመለስም። ሊቲየም ግማሽ ተሞልቶ ቢውል ግድ የለውም።

ደረጃ 3፦ 12፣ 24 ወይስ 48 ቮልት?

ዋት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፔር ነው። ስለዚህ ለአንድ ዓይነት ሥራ ቮልቱ በእጥፍ ሲያድግ አምፔሩ በግማሽ ይወርዳል፣ ሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ ወደ ሩብ። ከ1,000 ዋት በታች 12 ቮልት፣ እስከ 3,000 አካባቢ 24፣ ከዚያ በላይ 48። ለምሳሌያችን ቤት 24 ቮልት እንወስዳለን።

ደረጃ 4፦ ቦታው

ባትሪ ሙቀት አይወድም። ሊድ አሲድ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ከሆኑ ከፀሐይ በኩል ካለው ቆርቆሮ ግድግዳ ያርቁት። አዲስ አበባ ሙቀቱ አያሳስብም፤ ሌላ ነገር አለ። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ስስ አየር ዕቃ በደንብ አያቀዘቅዝም። ብዙ ኢንቨርተሮች ከተወሰነ ከፍታ በላይ ሙሉ አቅማቸውን እንደማይሰጡ በመመሪያቸው ላይ ይጽፋሉ። ቁም ሳጥን ውስጥ መሸጎጥ ይቅር፤ ከላይም ከጎንም ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ይተዉ።

ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ አየር ውስጥ 4 ከመቶ ከደረሰ በብልጭታ ይፈነዳል። ስለዚህ መኝታ ቤት አይገባም፣ ኢንቨርተሩም ቀጥታ ከበላዩ አይሰቀልም። ጋዙ ወደ ላይ ይወጣል፣ ኢንቨርተሩ ደግሞ በማራገቢያው ይስበዋል፤ ውስጡ ብልጭታ የሚሰጥ ሪሌ አለ። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ለአየሩ ጥሩ ነው፣ ለሐምሌ ዝናብ ግን አይደለም።

ደረጃ 5፦ ሽቦና ፊውዝ

ፀጉር ቤቱን ያስታውሱ። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ የመዳብ ሽቦ መቃወሚያ በኦም 0.0175 ሲባዛ በሜትር ርዝመቱ፣ ሲካፈል በካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረቱ ነው። ርዝመት ሲባል ሂያጁም ተመላሹም ነው። ለ1,000 ዋት በ12 ቮልት ወደ 95 አምፔር ይፈሳል። በባለ 6 ሽቦ፣ 6 ሜትር ደርሶ መልስ፣ 0.0175 ኦም፤ ሲባዛ በ95፣ 1.66 ቮልት። በሙቀት የባከነው 158 ዋት ነው፣ ሽቦው ውስጥ የተደበቀ ትንሽ ምድጃ። በባለ 35 ሽቦና በ2 ሜትር ደርሶ መልስ ግን የሚጠፋው 0.1 ቮልት እንኳ አይሞላም።

ለምሳሌያችን ቤት 1,500 ዋት በ24 ቮልት ወደ 71 አምፔር ይመጣል። ባለ 25 ሽቦ፣ ከሁለት ሜትር ባልበለጠ ርቀት፣ ይሆናል። ሲገዙ ጫፉን ልጠው ይዩት። ቀለሙ መዳብ ሆኖ በቢላ ሲፋቅ ነጭ የሚሆነው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ለዚህ ቦታ አይግዙት።

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን፣ በስንዝር ርቀት ውስጥ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ኢንቨርተሩን አይደለም። ኢንቨርተሩ ጎን ከተቀመጠ፣ ከባትሪ እስከ ፊውዝ ያለው ሽቦ ያለ ጠባቂ ነው፤ አይጥ ቢያኝከው ወይም በር ቢጨፈልቀው ባትሪው በሺህ የሚቆጠር አምፔር ያፈስበታል። መጠኑ ከሚፈሰው በ25 ከመቶ ገደማ ከፍ ያለ፣ ሽቦው ከሚችለው ያነሰ ይሁን፤ እዚህ 100 አምፔር።

እዚህ ላይ ያየሁት በጣም አደገኛ ስህተት የግድግዳ ብሬከርን በባትሪ መስመር ላይ መግጠም ነው። የቤት መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮን እየነካ ስለሚያልፍ በብሬከሩ ውስጥ የተነሳው ብልጭታ ራሱ ይጠፋል። የባትሪ ኃይል ዜሮን አይነካም፤ ብልጭታው ተጎትቶ ይነዳል፣ ብሬከሩ ይቀልጣል። «ዲሲ» የተጻፈበትን፣ ከነቮልቱ፣ ይግዙ። ለሊቲየም ተራ የመኪና ፊውዝ አይበቃም፤ የሾርት ጉልበቱ እጅግ ትልቅ ስለሆነ ያንን ቆርጦ ለማቆም የተሠራ፣ ክፍል ቲ የተባለው ዓይነት ይፈለግለታል።

የሽቦው ጫፍ ላይ ያለው ቀለበት በመዶሻ ቀጥቅጦ የሚታሰር አይደለም። በሃይድሮሊክ መጭመቂያ ይታሰር፤ መሣሪያውን የያዘ ሱቅ ለጥቂት ብር ይሠራልዎታል። ሲቀመጥም ቀለበቱ የባትሪውን ተርሚናል በቀጥታ ይንካ፣ ዋሸሩ ከላይ ይሁን። ዋሸር መሃል አስገብቶ ያሰረ ሰው ቤት ብሎኑ ጠቁሮ ፕላስቲኩ ቀልጦ አይቻለሁ።

ደረጃ 6፦ ባትሪዎችን ማያያዝ

24 ቮልት ለማግኘት ሁለቱን ባለ 12 በተከታታይ ያያይዛሉ፤ የአንዱ ኔጌቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ። ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንድ አቅም፣ በአንድ ቀን የተገዙ ይሁኑ። አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ማጣመር አዲሱን በፍጥነት አሮጌ ማድረግ ነው። ከማያያዝዎ በፊት እያንዳንዱን ለብቻው ሙሉ በሙሉ ይሙሉት። ሊቲየም ከሆነ ይሄ ግዴታ ነው፤ ቢኤምኤሱ (ባትሪው ውስጥ ሆኖ ሴሎቹን የሚጠብቀው ሰሌዳ) ስንት ባትሪ በተከታታይ እንደሚፈቅድም መመሪያውን ያንብቡ፣ ጭራሽ የማይፈቅድም አለ።

ጎን ለጎን (በትይዩ) ሲያያይዙ ደግሞ የኢንቨርተሩን ፖዘቲቭ ከመጀመሪያው ባትሪ፣ ኔጌቲቩን ከመጨረሻው ያውጡ፣ በሰያፍ። ሁለቱንም ከአንዱ ባትሪ ካወጡ ቅርብ ያለው ይለፋል፣ ሩቅ ያለው ይዝናናል፤ የለፋው ቀድሞ ይሞትና ሌላውን ይዞት ይሄዳል።

ቀለበት፣ የእጅ ሰዓት፣ የአንገት ሐብል ይውለቁ። የመፍቻውን እጀታ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ይጠቅልሉት። 24 ቮልት ራሱ ብዙ አያስደነግጥም፤ ነገር ግን መፍቻ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ቢወድቅ እዚያው ይበየዳል፣ ከእርሳስና ከአሲድ ጋር። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት።

ደረጃ 7፦ የማብራት ተራ

ኢንቨርተሩ ማብሪያው ጠፍቶ ይሁን። ፖላሪቲውን (የትኛው ፖዘቲቭ፣ የትኛው ኔጌቲቭ እንደሆነ) በተስተር ያረጋግጡ፤ በሽቦ ቀለም አይታመኑ። መጨረሻ ላይ የሚነካው ሽቦ «ጧ!» ብሎ ብልጭ ይላል፤ ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ሲሞሉ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ቢሆንም ያ ብልጭታ ተርሚናሉን ይበላል፣ ጋዝ ካለም አደጋ ነው። ስለዚህ ፊውዙን ወይም ብሬከሩን አውጥተው ሽቦውን ያስሩ፤ ፊውዙን ከመመለስዎ ወይም ብሬከሩን ከማብራትዎ በፊት የቦታውን ሁለት ጫፎች 25 ኦም አካባቢ በሆነ ወፈር ያለ ሬዚስተር ለጥቂት ሰከንድ ያገናኙ። ሶላር ካለ ቻርጅ ኮንትሮለሩ (ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው) መጀመሪያ ባትሪውን ይይ፣ ከዚያ ፓነሉን። ሲነቀል በተቃራኒው፣ ፓነሉ መጀመሪያ። ባትሪ ሳይኖር ፓነል የገባበት ኮንትሮለር ቮልቱን ባለ ስንት እንደሆነ ስለማያውቅ የሚቃጠል አለ።

ደረጃ 8፦ ሴቲንጉ

ይሄ ክፍል የራሴን ኪስ የነካ ነው። ከዓመታት በፊት ለራሴ ቤት ሁለት ጄል ባትሪ ገዛሁ። ኢንቨርተሩ ላይ ያለው የባትሪ ዓይነት ውሃ ለሚጨመርበት ተደርጎ ነበር፣ በ24 ቮልት 29.2። ጄል ከ28.4 ገደማ በላይ አይፈልግም። ማንም አልነገረኝም አልልም፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ አላነበብኩትም። በየቀኑ በ0.8 ቮልት ትርፍ እየተጋገሩ፣ ዓመት ሳይሞላ ጎናቸው እንደ ድፎ ዳቦ አበጠ።

አሁን የምነካቸው አራት ናቸው። የመጀመሪያው የባትሪው ዓይነት ነው። «ኤጂኤም» ለድራዩ፣ «ኤፍኤልዲ» ውሃ ለሚጨመርበት፣ «ዩኤስኢ» እራስዎ ለሚሞሉት። ለሊቲየም ባለ 8 ሴል (25.6 ቮልት) መሙያውን 28.0 እስከ 28.4፣ ማቆያውን 27.0 አካባቢ አደርጋለሁ። «ማመጣጠኛ» የሚባለው፣ ቮልቱን በየጊዜው ከፍ የሚያደርገው፣ ለድራይም ለሊቲየምም ይጥፋ።

ሁለተኛው የመሙያው አምፔር። ሊድ አሲድ ከአቅሙ ከ10 እስከ 20 ከመቶ ይወዳል፤ ለ150 አምፔር-ሰዓት ከ15 እስከ 30። ከፋብሪካ 60 ሆኖ የሚመጣ ኢንቨርተር አለ፤ ትንሽ ባትሪን ይቀቅለዋል።

ሦስተኛው ማጥፊያው። ብዙ ኢንቨርተሮች ለ24 ቮልት 21 ላይ እንዲያጠፉ ሆነው ይመጣሉ። 21 ማለት እያንዳንዱ ባትሪ 10.5፣ ማለትም ጠብታ ሳይቀር የወጣ። እኔ ሊድ አሲድን 23.4 አካባቢ አቆመዋለሁ። አረፍ ብሎ ሲለካ ግማሽ ላይ ያለ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.1 ወይም 12.2፣ ሙሉው 12.7 ያሳያል፤ ሥራ ላይ ሲሆን ግን ቮልቱ ዝቅ ስለሚል ነው 23.4 ያልኩት። ሊቲየም ባለ 8 ሴል 24.0 እስከ 25.0 ላይ ይቁም፣ ቢኤምኤሱ ራሱ እስኪያቋርጥ አይጠበቅም።

አራተኛው በእኛ አገር ብቻውን ብዙ ባትሪ የጨረሰ ይመስለኛል። ምሽት ላይ፣ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ሲያበራ፣ የመስመሩ ቮልት ከ220 ወደ 165 ሊወርድ ይችላል። አምፖል ይደክማል እንጂ መብራት አለ። ኢንቨርተሩ ግን «ዩፒኤስ» በሚለው ሴቲንግ ላይ ከሆነ ከ170 በታች ያለውን እንደ ጠፋ ይቆጥረዋል፤ ወደ ባትሪ ይዞራል። ቤተሰቡ መብራት አለ ብሎ ቴሌቪዥኑን ያያል፣ ባትሪው ውስጥ ውስጡን ያልቃል። ከዚያ በ4 ሰዓት መብራቱ እውነት ሲጠፋ «ባትሪው ሞቷል» ይባላል። ሰፊውን ክልል፣ «ኤፒኤል» ወይም «አፕላየንስ» የሚለውን ይምረጡ፤ ከ90 እስከ 280 ይቀበላል። ፍሪጁ ለዝቅተኛ ቮልት ስስ ከሆነ ለእሱ ስታቢላይዘር ይግዙለት።

ደረጃ 9፦ ከቆጣሪው ጋር

በዚህ ላይ ቀልድ የለም። የኢንቨርተሩን መውጫ ሁለት ጫፉ ወንድ በሆነ ገመድ ግድግዳ ሶኬት ውስጥ የሚሰኩ አሉ፣ «ቤቱ ሁሉ ይበራል» ብለው። ዋናው ብሬከር ሳይዘጋ ከቀረ ኃይሉ በቆጣሪው ወጥቶ ወደ መንገድ መስመር ይሄዳል፣ በትራንስፎርመሩ በኩል ደግሞ ሽቅብ ወደ ከፍተኛ ቮልት። መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ አለ። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ኢንቨርተሩ ይነዳል። ፌዙንም ኒውትራሉንም አብሮ የሚቀይር ቼንጅ ኦቨር፣ ወይም መግቢያና መውጫ ያለው ኢንቨርተር፣ ከተለየ የብሬከር ሳጥን ጋር ይሁን። ምጣዱና ማሞቂያው ከዚያ ሳጥን ውጭ ይቅሩ፤ ልጆች ቢረሱ እንኳ እንዳይሰካ። የኢንቨርተሩ ብረት ገላ ከመሬት ዘንጉ ጋር ይታሰር። ይህን ክፍል ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን ይስጡት።

ደረጃ 10፦ ሶላር ከጨመሩ

የአዲስ አበባ ፀሐይ በበጋ ለጋስ ናት፤ በሐምሌና ነሐሴ ግን ቀኑ ከሙሉ ፀሐይ 4 ሰዓት ገደማ ጋር ይመጣጠናል። ስሌቱን በክረምቱ ይሥሩ። 1,500ን በ4 እና በ0.7 (ብክነቱ) ሲያካፍሉ 535 ዋት፤ አንድ ባለ 550 ፓነል። እንዲህ ያለ ፓነል 41 ቮልት አካባቢ ነው የሚሠራው፤ ከ24 ቮልት ባትሪ ጋር በርካሹ ፒደብሊውኤም ኮንትሮለር (የፓነሉን ቮልት ወደ ባትሪው ቮልት ጎትቶ በሚያወርደው) ካያያዙት ከ550 ዋት 350 ገደማ ብቻ ያገኛሉ። ኤምፒፒቲ የተባለውን፣ ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር የሚቀይረውን፣ ይግዙ። ዝንባሌው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ፤ ጭራሽ ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃና አቧራ ይተኛበታል።

ብርድን ይፍሩ። የፓነል ቮልት በቅዝቃዜ ይጨምራል፣ በየዲግሪው 0.28 ከመቶ ያህል። ሁለት ባለ 49 ቮልት (ምንም ሳይሰካበት ሲለካ) ፓነል በተከታታይ 98 ነው፣ ኮንትሮለሩም «100 ቮልት» ይላል፤ ወረቀት ላይ ደህና ይመስላል። ያ 98 የተለካው በ25 ዲግሪ ነው። ደብረ ብርሃን በኅዳር ጠዋት ውርጭ ጥሎ 5 ዲግሪ ሲሆን 103 ያልፋል፤ ፀሐይዋ ብቅ ባለችበት ደቂቃ ኮንትሮለሩ ያበቃለታል። ቢያንስ 15 ከመቶ ትርፍ ይተዉ።

ደረጃ 11፦ የመጀመሪያው ሌሊት

ከአንድ ሙሉ ሙሌት በኋላ ዋናውን ብሬከር ራስዎ ያጥፉ። የታወቀ ጭነት፣ ለምሳሌ 300 ዋት፣ ያብሩና ሰዓት ይያዙ። በየ30 ደቂቃው ተስተሩን ባትሪው ላይ፣ ከዚያ ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ ያድርጉ፤ በ24 ቮልት ልዩነቱ ከ0.3 ከበለጠ ሽቦው ወይም ማያያዣው ጥፋት አለው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ተስተሩን በአንድ ማያያዣ ሁለት ጎን ያድርጉ፤ ጥሩ ማያያዣ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ያሳያል። የእጅዎ ጀርባም ይረዳል፤ አንዱ ብሎን ከሌሎቹ ሞቅ ካለ እሱ ነው፣ ሁሉን አጥፍተው እንደገና ያጥብቁት።

ጭነቱ ሲከብድ የሊድ አሲድ አቅም እንደሚያንስ አይርሱ። 100 አምፔር-ሰዓት የሚለው ቁጥር በ20 ሰዓት ቀስ ብሎ ሲወጣ ነው፤ 100 አምፔር ቢስቡበት አንድ ሰዓት ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው የሚቆየው።

ያገኙትን ቁጥር፣ ማለትም ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ሲጀምርና ሲያልቅ ቮልቱ ስንት እንደነበር፣ ወረቀት ላይ ጽፈው ከኢንቨርተሩ ጎን ይለጥፉ፤ ቀኑንም። ከአንድ ወር በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ አንድ ዙር ይፈትሹ፤ እርሳስ ለስላሳ ነው፣ ከሙቀትና ከቅዝቃዜ ጋር ይላላል። ውሃ የሚጨመርበት ከሆነ በየወሩ ከፍተው ይዩት፣ ዲስቲልድ ውሃ ብቻ፣ የቧንቧ አይደለም፣ ከሞላ በኋላ እንጂ ከመሙላቱ በፊት አይጨመር። በስድስተኛው ወር ያንኑ ፈተና በዚያው 300 ዋት ይድገሙት። የእኔ ቤት ወረቀት ላይ አሁን አምስት መስመር አለ።